ዩሪያ ለበቆሎ፦ መቼ፣ ምን ያህል፣ ከግንዱ በስንት ጋት?

ሐምሌ አጋማሽ ሲሆን ስልኬ እረፍት የለውም። አንዱ ከመራዊ ይደውልና «አያ፣ ዩሪያውን አሁን ልጨምር ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ይለኛል። ሌላው ከቡሬ «ጨምሬ ነበር፣ በቆሎው ግን ያው ቢጫ ነው፤ ማዳበሪያው ፎርጅድ ይሆን እንዴ?» ይላል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አብዛኛውን ጊዜ ማዳበሪያው ፎርጅድ አይደለም። ወይ ተንኗል፣ ወይ ጎርፍ ወስዶታል፣ ወይ አረሙ ቀድሞ በልቶታል።

የምጽፈው በመስመር ስለተዘራ የክረምት በቆሎ ነው። ሜጫ፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ደምበጫ አካባቢ ያላችሁ እንዳለ ውሰዱት። ጤፍና ስንዴ ላይ ለየት የሚለውን ወደ መጨረሻ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ይቺን ያዙ

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ግን ተክሉ የዩሪያ ፍሬዋን በአብዛኛው እንዳለች አይበላትም። እርጥብ አፈር ውስጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ትለወጣለች፤ መጀመሪያ ወደ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት።

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ፍሬዋ አፈር ላይ ተጋልጣ ከተለወጠች አሞኒያው ወደ አየር ይሄዳል። ጠዋት በረት ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥለውን የከብት ሽንት ሽታ ታውቁታላችሁ? እሱው ነው። ማሳችሁ ላይ ያ ሽታ ከሸተታችሁ ብራችሁ እየተነነ ነው። አፈር ውስጥ ከተቀበረች ግን አፈሩ አሞኒያውን ይዞ ያስቀረዋል። ናይትሬት ከሆነ በኋላ ደግሞ አፈሩ አይዘውም፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ በታች ያወርደዋል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ (ጥቁር አፈር) ላይ ደግሞ እንደገና ጋዝ ሆኖ ያመልጣል።

ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ እነዚህን ቀዳዳዎች ለመድፈን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዩሪያ (እርጥበት ያልገባው፣ ያልጓጎለ)
- የለስላሳ ወይም የቢራ ቆርኪ፣ ለአንድ ሰው አንድ
- አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባልዲ ወይም ትልቅ ጣሳ
- ሚዛን፤ ከሌላችሁ የባለሱቁን ለአምስት ደቂቃ ለምኑት
- መኮትኮቻ ወይም ዶማ
- ጓንት፤ ካልተገኘ እጅ ላይ የሚታሰር ፌስታል
- አራት እንጨት፣ ለምልክት
- ከተቻለ ሁለት ሰው። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ከኋላ ያለብሳል።

1. በቆሎው የጎደለው ናይትሮጅን መሆኑን እዩ

ቢጫ ሁሉ የዩሪያ ጥያቄ አይደለም። ናይትሮጅን ሲጎድል ቢጫው የሚጀምረው ከታችኞቹ ቅጠሎች ነው፤ ከቅጠሉ ጫፍ ተነሥቶ መሐሉን ደም ሥር ይዞ ወደ ግንዱ ይገባል፣ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የዚህ ምክንያት ቀላል ነው፦ ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል።

የቅጠሉ ዳር ወይን ጠጅ ቀለም ካወጣ የፎስፈረስ ነገር ነው፤ እሱ ከዘር ጋር የሚገባው የኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ሥራ ነበር። ላይኞቹ አዲስ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ ሰልፈር መጠርጠር ነው።

ማሳው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ ዩሪያውን ቤት ተዉት። ሥሩ መተንፈስ አልቻለም። መጀመሪያ ፈሰስ አውጡና ውሃውን አስወጡ፣ ሦስት አራት ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ተመልከቱት።

ማቻከልና ጎዛምን በኩል ያላችሁ፣ ወደ አዊም እንዲሁ፣ ማሳው በየዓመቱ ማዳበሪያ እየበላ ምንም የማያሳይ ከሆነ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ዩሪያ ያንን አያድንም፣ እንዲያውም በጊዜ ብዛት ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። እሱም ከዘር በፊት ቀደም ብሎ ከአፈር ጋር ታርሶ ይገባል እንጂ በቆመ በቆሎ ላይ አይበተንም። አፈሩን አስመርምሩ።

2. መጠኑን አስሉ

የቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ለአካባቢያችሁ አፈር የተቀመጠውን መጠን ይነግራችኋል፤ እሱን ያዙ። እኔ ስሌቱን ላሳያችሁ ብዬ በሄክታር 200 ኪሎ ዩሪያ ልውሰድ። ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቃዳ 50 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ከረጢት።

ይህን አንድ ከረጢት በአንድ ቀን አታራግፉት። ለሁለት ክፈሉት፦ 25 ኪሎ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ 25 ኪሎ ወንዴ አበባው ሊወጣ ሲል። የሐምሌ ዝናብ የኛን አገር እንዴት እንደሚያጥብ ታውቃላችሁ፤ ሁሉንም አንዴ ካገባችሁት ተክሉ በልቶ ሳይጨርስ ይወርዳል። በሁለት ከተከፈለ ግን አንዱ ዙር ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ግማሹን ከዘር ጋር አስገብታችሁ ከሆነ የቀራችሁ አንድ ዙር ነው፤ ጉልበት ሲደርስ ጨርሱት።

ማሳው አምና ባቄላ ወይም ግብጦ የነበረበት ከሆነ ባለሙያውን «ልቀንስ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እነሱ ከአየር ናይትሮጅን ይዘው ለአፈሩ ትንሽ ይተዋሉ። ግብጦን ለአረቄ ማጣጫ ብቻ የምታውቁ ይህንንም ጨምሩበት።

3. ቀኑን ምረጡ

የመጀመሪያው ዙር ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ነው። ሰኔ መጀመሪያ የዘራ ሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ቀን መቁጠር ከረሳችሁ ጉልበታችሁን መለኪያ አድርጉ። ለምን ያኔ? በቆሎው እስከዚያ ድረስ የሚበላው ትንሽ ነው፣ ኤንፒኤሱ ውስጥ ያለው 19 በመቶ ናይትሮጅንም ይበቃዋል። ከጉልበት በኋላ ግን በየቀኑ ሲያድግ በዓይን ይታያል። የሚርበውም ያኔ ነው።

አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ የሆነበት ሰዓት ፈልጉ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ጤዛው ሲረግፍ፣ ጥሩ ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ፍሬዋ ተጣብቃ ታቃጥለዋለች። ከጨመራችሁ በኋላ ለስለስ ያለ ዝናብ ቢጥል ደስ ይበላችሁ። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ እያጉረመረመ ከሆነ ግን ወደ ቤት ተመለሱ፣ ነገም ቀን ነው። በተለይ ተዳፋት መሬት ያላችሁ።

ቆጋ ላይ በመስኖ የምትሠሩ፣ ጨምራችሁ ካለበሳችሁ በኋላ በቀስታ አጠጡት። ቦዩን ለቃችሁ ማሳውን ካጥለቀለቃችሁት ግን ያው የጎርፍ ሥራ ነው።

4. አረሙን ንቀሉ፤ መጀመሪያ

ይህን የሚዘልለው ሰው ብዛቱ! ሙጃውና ሰርዶው ዩሪያው ሲወርድ ከበቆሎው ጋር ተሻምተው ይበሉታል። አርማችሁ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ጨምሩ፣ የተነቀለው እንደገና ሥር እንዳይሰድ።

5. ቆርኪያችሁን መዝኑ

ይህ ደረጃ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን «በእፍኝ ነው የምጨምረው» የሚል ሰው ማሳ ላይ ሂዱና መስመሩን እዩት፤ ጫፍ ላይ በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ መሐል ሲገባ ገርጣ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ቢጫ። ባልዲው እያለቀ ሲሄድ እጁም እየሰሰተ ስለሚሄድ ነው።

100 ቆርኪ ዩሪያ እየሞላችሁ አንድ ፌስታል ውስጥ ጨምሩና መዝኑ። የወጣውን ግራም ለ100 አካፍሉት። የኔ ቆርኪ ለጥ ብሎ ሲሞላ ወደ 4 ግራም ይይዛል፤ የእናንተ ይለይ ይሆናል፣ ስለዚህ ራሳችሁ መዝኑ።

አሁን ስሌቱ። ቃዳችሁ 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው እንበል። በመስመርና በመስመር መሐል 75 ሳንቲም ከሆነ 66 መስመር ይወጣዋል። 25 ኪሎ ለ66 ሲካፈል ለአንድ መስመር 380 ግራም ገደማ ነው። በግንድና በግንድ መሐል 30 ሳንቲም ካለ በአንድ መስመር ላይ 166 ግንድ ይኖራል፤ ለአንዱ ከ2 ግራም ትንሽ ይበልጣል።

በአጭሩ፦ ትንሽ ቆለል ያለ አንድ ቆርኪ ለሁለት ግንድ። በአንድ ጉድጓድ ሁለት እያበቀላችሁ፣ መስመሩን 80 ሳንቲም፣ ጉድጓዱን 50 ሳንቲም አራርቃችሁ ከሆነ ደግሞ ለጥ ያለ አንድ ቆርኪ ለአንድ ጉድጓድ።

የመጀመሪያውን መስመር ስትጨርሱ ምን ያህል እንደቀራችሁ እዩ። 380 ግራም ለይታችሁ ይዛችሁ ገብታችሁ መሐል ላይ ካለቀባችሁ እጃችሁ ከብዷል። መጨረሻ ላይ ደርሳችሁ ከተረፋችሁ ቀሏል። በሁለተኛው መስመር አስተካክሉት።

6. አንድ መስመር ተዉ

ሳትጀምሩ በፊት መሐል አካባቢ አንድ መስመር መርጣችሁ 10 ሜትር ያህሉን በእንጨት ምልክት አድርጉ፣ እዚያ ላይ አትጨምሩ። ከጨመራችሁት ጋር የምታስተያዩት እሱን ነው። እሱ ከሌለ «ሠርቷል፣ አልሠራም» የሚለው ክርክር አያልቅም። በሁለተኛው ዙር ልትክሱት ትችላላችሁ።

7. ጨምሩና ወዲያው አልብሱ

ከግንዱ አንድ ጋት ራቅ በሉ፣ ከተቻለ ጋት ተኩል። በቆሎው ጉልበት ከደረሰ ሥሩ ከዚያ አልፎ ስለሄደ አይጎድልበትም፤ ግንዱ ሥር ከከመራችሁት ግን ያቃጥለዋል። በመኮትኮቻው የጣት ርዝመት ያህል ጫር አድርጉ፣ ቆርኪውን አፍሱ፣ አፈሩን መልሱበት፣ በእግር ጠቅ። ለሁለት ግንድ አንድ ቆርኪ የምትሉ በሁለቱ መሐል አድርጉት። ተዳፋት ከሆነ ከግንዱ በላይኛው በኩል፣ ውሃው ወደ ሥሩ እንዲወስደው።

የበቆሎው ጉሮሮ፣ አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚወጣበት፣ ውስጥ ፍሬ እንዳይገባ። ከላይ የሚበትን ሰው ላይ የሚደርሰው ይሄ ነው፤ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ላይ ነጭ የተቃጠለ ነጠብጣብ ይወጣል።

«ወዲያው» ስል ወዲያው ነው። ጠዋት ሙሉ ማሳውን ጨምሬ ከሰዓት አለብሳለሁ አይባልም። ሁለት ሰው ያስፈለገው ለዚህ ነው። በበሬ የምትሸለሽሉ ከሆነ መስመሩ ዳር ዳር ጨምራችሁ በሬው ከኋላችሁ ይግባ፤ የሚገለበጠው አፈር ያለብሰዋል፣ ግንዱንም ያቅፈዋል።

8. ሁለተኛው ዙር

ከመጀመሪያው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ፣ ወንዴ አበባው ከመውጣቱ በፊት። አሠራሩ ያው ነው። ከዚያ ካለፈ፣ ጸጉር አውጥቶ ፍሬ መያዝ ከጀመረ፣ ቀሪውን ከረጢት አስራችሁ ለመስኖ አስቀምጡት። ያኔ የሚጨመር ዩሪያ እምብዛም ፍሬ አይሆንም።

ተጠንቀቁ!

ከብት። ይህን በትልቁ ጻፉት። ዩሪያ ጨው ጨው ስለሚላቸው ይልሱታል፣ የዩሪያ ውሃም ይጠጣሉ። ሆዳቸው ውስጥ በፍጥነት አሞኒያ ይሆንና ይመርዛቸዋል፤ መንቀጥቀጥ፣ አረፋ መድፈቅ፣ ሆድ መንፋት፣ መውደቅ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊገድል ይችላል። የኛ ቤት ጊደር አንዴ አጥር ላይ ያሰጣነውን ባዶ ከረጢት በምላሷ ስትልስ ደርሰንባት ነው የተረፈችው፤ ያውም ታጥቧል ብለን ነበር። ከላሰች ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ፣ ነገ አይደለም። ቆርኪና ባልዲውን ወንዝ ወይም ገንዳ ውስጥ አትጠቡ።

ልጆች። ነጭ ነው፣ ስኳርም ጨውም ይመስላል። በስኳር ጣሳ ውስጥ አታስቀምጡ።

አመድና ኖራ። ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉ፣ በአንድ ሰሞንም አንድ ቦታ ላይ አታግኟቸው። አሞኒያው ተንኖ እንዲሄድ ይገፉታል።

ኤንፒኤስና ዩሪያ ቀላቅላችሁ አታሳድሩ። እርጥበት ይስባሉና ጠዋት ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ማስቀመጫ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ። ከረጢቱንም «ማዳበሪያ» ስለምንለው ባዶውን ወስዶ እህል የሚሞላበት ብዙ ነው፤ ለምትበሉት እህል ሌላ ፈልጉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንደኛውን ከራሴ ልጀምር። ገና ሥራውን ስጀምር ድካም ለመቀነስ ብዬ ዩሪያውንም ዘሩንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩ። ጎረቤት ሁሉ በቅሎለት የኔ ማሳ ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለ። ጉድጓዱን ጫር ጫር ሳደርግ ዘሩ ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፣ ስጫነው ሟሟ አለ። አሞኒያው ነው የገደለው። ከዘር ጋር ዩሪያ የምታስገቡ ከሆነ ቢያንስ አንድ ጋት አርቃችሁ፣ በመሐሉ አፈር ይኑር።

ሁለተኛው፣ ከላይ በትኖ ዝናብ ያስገባዋል ብሎ መተማመን። ዝናቡ ከዘገየ ትነቱ ይጀምራል፣ ከበረታ ደግሞ ጠርጎ ለታችኛው ማሳ ባለቤት ያስረክበዋል። ያንን ሰውዬ ካልወደዳችሁት አልብሱ።

ሦስተኛው፣ የአምናውን የጤፍ ወይም የስንዴ ገለባ ከዘር በፊት ሰሞኑን ገልብጦ አርሶ «ለምን ቢጫ ሆነ?» ማለት። ገለባውን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ራሳቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉና ከበቆሎው ይቀማሉ። ቀደም ብላችሁ አርሳችሁ ይበስብስ።

አራተኛው፣ ቢጫ ባየ ቁጥር መጨመር። ከልክ ያለፈ ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፣ ግንዱን ያለሰልሳል፣ ነፋስ ሲመጣ ይተኛል።

ጤፍና ስንዴ ላይ

ቢቸና፣ ደጀን፣ ሞጣ በኩል ያላችሁ እዚህ ጋ አንብቡ። ጤፍና ስንዴ ላይ ዩሪያው የሚጨመረው ከአንዱ ዘር ብዙ ግንድ ማውጣት ሲጀምር ነው፤ በአብዛኛው ከተዘራ ከ25 እስከ 35 ቀን። ከታረመ በኋላ። በአብዛኛው በብተና ስለሚዘራ አፈር ማልበስ አይቻልም፣ ስለዚህ የሰዓቱ ምርጫ ሁሉንም ይወስናል፦ አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ፣ በዚያው ቀን ለስለስ ያለ ዝናብ የሚጠበቅበት። ማሳውን በሁለት አቅጣጫ ተመላለሱበት፤ ግማሹን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ግማሹን አግድም። እንዲህ ከሆነ የተዘለለ ቦታ አይኖርም።

ጤፍ ላይ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። ከበዛበት ይጋሽባል፣ ከጋሸበ ደግሞ ፍሬው አይሞላም፣ አጨዳውም መከራ ነው። ዋልካ ላይ ፈሰሱ ሳይወጣ አትጨምሩ።

ከ10 ቀን በኋላ

ምልክት ያደረጋችሁበት 10 ሜትር ጋ ሂዱና ቁሙ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ በተጨመረበትና ባልተጨመረበት መሐል የቀለም ልዩነት መታየት አለበት። የላይኞቹን አዲስ ቅጠሎች እዩ፤ ታች ያሉት አንዴ ቢጫ የሆኑት አይመለሱም፣ በነሱ አትፍረዱ።

ልዩነት ከሌለ በዶማ የጨመራችሁበትን ቦታ ቆፈር አድርጉ። ፍሬዋ አሁንም ነጭ ሆና እንዳለች ከተቀመጠች አፈሩ ደርቋል፣ ዝናብ ጠብቁ። ፍሬው ጠፍቶ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ውሃ ካቆረ ፈሰስ። ሁለቱም ካልሆነ፣ በተለይ የተጨመረበትም ያልተጨመረበትም እኩል ደልቦ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ፣ መሬታችሁ የራሱ ናይትሮጅን አለው። ሁለተኛውን 25 ኪሎ ከመጨመራችሁ በፊት የግብርና ባለሙያውን ማሳው ድረስ ጥሩት፤ በስልክ ለኔ «ቢጫ ነው» ከምትሉኝ እሱ ቅጠሉን በዓይኑ ይየው።